የጊምፕ በር በማን እጅ ነበር? የሶርስፎርጅ ጉዳይ

የሰርግ ካርድና ባነር የሚያትም አንድ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። ባለቤቱ ፎቶሾፕ ላይ የሙሽሮች ፎቶ እየቆረጡ ነው። ፕሮግራሙ በየአስር ደቂቃው ቀጥ ይላል። ክራክ የተደረገ ነው፤ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ። እንዳያስቸግር ተብሎ አንቲቫይረሱ ከጠፋ ዓመት አልፎታል።

"ጋሼ፣ ለምን ጊምፕን አይሞክሩም? ነፃ ነው፤ ክራክ ምናምን አይፈልግም" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። "ያ ቫይረስ ያለው ነገር? ተወኝ ልጄ። ኮምፒውተሬን ልታበላሽብኝ ነው?"

አንቲቫይረስ በሌለው ኮምፒውተር ላይ፣ ማን እንደነካካው በማይታወቅ ፎቶሾፕ ፊት ተቀምጠው ይህን ሲሉ ሳቄ መጣ። ዋጥኩት። ወሬው ከባዶ ሜዳ የተነሳ አይደለማ! ከዓመታት በፊት በጊምፕ ስም የሚወርድ አንድ ፋይል በእርግጥም ያልተጠየቀ ነገር ይዞ ይመጣ ነበር። ያንን ነገር የጨመሩት ግን የጊምፕ ሰዎች አይደሉም። የጨመረው ፋይሉን በአደራ ያስቀመጡበት ቤት፣ ሶርስፎርጅ የሚባል ድረ ገጽ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላውራችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኩባንያ የሌለው ፕሮግራም

ጊምፕ የተጀመረው በ1995 ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሌይ፣ ስፔንሰር ኪምባልና ፒተር ማቲስ የሚባሉ ሁለት ተማሪዎች ፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም መጻፍ ጀመሩ። በ1996 ሰው እጅ ገባ። ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው የሊኑክስ (የዊንዶውስ አማራጭ የሆነው ነፃ ሲስተም) ፔንግዊን የተሳለው በዚያው ዓመት በዚሁ ፕሮግራም ነው። እትም 1.0 የወጣው በ1998 ነበር። ያኔ ሁለቱ ልጆች ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ ሌላ ሥራ አልፈዋል። ፕሮግራሙን አንስተው የቀጠሉት ሲጠቀሙበት የቆዩ ሰዎች ናቸው። አንዱ ኮድ ይጽፋል፤ ሌላው ስህተት ይጠቁማል፤ ሌላው ይተረጉማል፤ ሌላው ለጀማሪ ያስተምራል።

ይህ ለጉዳያችን ቁልፍ ነገር ነው። ከጊምፕ ጀርባ ኩባንያ የለም። የሕግ ክፍል የለም። የማስታወቂያ በጀት የለም። የሚረዳ ሰው ገንዘብ ሲልክ እንኳ የሚቀበልላቸው የግኖም ፋውንዴሽን የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ኮዱ የተለቀቀበት ፈቃድ ጂፒኤል ይባላል። ማንም ሰው ፕሮግራሙን ወስዶ ማየት፣ መቀየር፣ ማባዛት፣ ቢፈልግም መሸጥ ይችላል። ዋናው ግዴታ ለሌላውም ያንኑ መብት መስጠት ነው።

ገንቢዎቹ በአብዛኛው የሊኑክስ ሰዎች ነበሩ። ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ መዞር የለም፤ ከሲስተሙ የራሱ ማከማቻ ይወርዳል። ዊንዶውስ ግን ሌላ ዓለም ነው። ጊምፕን ወደ ዊንዶውስ ያሻገረው ቶር ሊልክቪስት የሚባል የፊንላንድ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ለተራው ተጠቃሚ የሚሆነውን ኢንስቶለር፣ ማለትም ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ የምንለውን ፋይል፣ ሲያዘጋጅ የኖረው ዬርኔይ ሲሞንቺች ነው። የስሎቬኒያ ሰው ነው። እሱም በፈቃደኝነት ነው የሚሠራው።

አስቡት እንግዲህ። ስፍር ቁጥር የሌለው የዊንዶውስ ተጠቃሚ ጊምፕን የሚያገኘው በአንድ ሰው እጅ አልፎ ነው። ያ ሰው ፋይሉን የሆነ ቦታ ማስቀመጥ አለበት። በጊዜው የጊምፕ ኢንስቶለር 90 ሜጋባይት ገደማ ነበር። ያንን በየቀኑ ለሚያወርደው ሰው ብዛት አባዙት። የሰርቨሩን ወጪ ማን ይችለዋል? መልሱ ያኔ አንድ ነበር፤ ሶርስፎርጅ።

አከራዩ

ሶርስፎርጅን በኖቬምበር 1999 የከፈተው ቪኤ ሊኑክስ የተባለ ኩባንያ ነው። ሊኑክስ የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ይሸጥ ነበር። በወሩ፣ ዲሴምበር 9 ቀን፣ አክሲዮኑን ለሕዝብ አቀረበ። የቀረበበት ዋጋ 30 ዶላር ነበር፤ ማታ ሲዘጋ 239.25 ዶላር። በአንድ ቀን! ያ ዘመን እንዲህ ያለ ዘመን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ፊኛው ተነፈሰ። ሶርስፎርጅ ግን ጸንቶ ቆየ።

ለክፍት ምንጭ ሰዎች፣ ማለትም የፕሮግራማቸውን ኮድ ለሁሉም ክፍት ለሚያደርጉ፣ ሶርስፎርጅ በረከት ነበር፤ ይህንን መካድ ነውር ነው። ኮድ ማስቀመጫ በነፃ። ስህተት መመዝገቢያ በነፃ። ከሁሉም በላይ ፋይል ማውረጃ በነፃ፤ ያውም ፋይሉን ኮፒ አድርገው የያዙ ሰርቨሮች በየአገሩ እያሉት፣ ብዙዎቹም ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ። ዬርኔይም የጊምፕን የዊንዶውስ ኢንስቶለር እዚያ አስቀመጠ። የፕሮጀክቱ መጠሪያ ጊምፕ-ዊን ነበር። ለዓመታት ጊምፕ ማውረድ የፈለገ የዊንዶውስ ሰው በዚያች በር ይገባና ይወጣ ነበር። የማስተማሪያ ጽሑፎች፣ ቪዲዮዎች፣ የመምህራን ማስታወሻዎች ሁሉ ሊንካቸው ወደዚያው ነው።

በ2008 ጊትሃብ የሚባል ሌላ የኮድ ማስቀመጫ መጣ። ገንቢዎቹ ቀስ በቀስ ወደዚያ ጓዛቸውን ጠቀለሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ የጉዳዩ ሥር ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ከሶርስፎርጅ የሸሸው ገንቢው ነው። አውራጁ፣ ተራው የዊንዶውስ ሰው፣ አልሸሸም። በአሮጌ ሊንክ፣ በጉግል ፍለጋ፣ በለመደው መንገድ ይመጣል። ስለዚህ ድርጅቱ እጅ ላይ የቀረው የሌሎችን ፕሮግራም ፍለጋ የሚመጣ የሰው ጎርፍ ነው። ያንን ጎርፍ ወደ ገንዘብ እንዴት ትቀይረዋለህ?

በሴፕቴምበር 2012 ዳይስ የሚባል የሥራ ማስታወቂያ ኩባንያ ሶርስፎርጅን ስላሽዶት ከሚባል የቴክኖሎጂ ዜና ገጽና ከሌላ አንድ ድረ ገጽ ጋር በ20 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ገዢ ገንዘቡን መመለስ ይፈልጋል። ገጹ ላይ ማስታወቂያ በዛ። ማስታወቂያ መብዛቱ ባልከፋ። ችግሩ አንዳንዶቹ ማስታወቂያዎች ራሳቸው "ዳውንሎድ" የሚል ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ ነበሩ። ጊምፕን ልታወርድ ትገባለህ፤ ሁለት ሦስት አረንጓዴ ቁልፎች ያፈጡብሃል፤ እውነተኛው አንዱ ነው። የተሳሳተውን ከነካህ ስሙን ሰምተህ የማታውቀው "ኮምፒውተር አፍጣኝ" ይዞህ ይመጣል። በዚያ ዘመን ኢንተርኔት ካፌ የሠራ ሰው ይህን ጨዋታ ያውቀዋል። ብሮውዘሩ ላይ ሦስት መፈለጊያ ተደራርቦ፣ መነሻ ገጹ ተቀይሮ፣ ማስታወቂያ ካልተዘጋው መስኮት ሁሉ ብቅ እያለ።

በጁላይ 2013 ደግሞ ዴቭሼር የሚባል ነገር ጀመሩ። አሠራሩ እንዲህ ነው። የምታወርደው እውነተኛውን ኢንስቶለር አይደለም። በላዩ ላይ የተጠቀለለ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ስትከፍተው መጀመሪያ የሦስተኛ ወገን ፕሮግራሞችን ያቀርብልሃል፤ "ይህንንም ልጫንልህ?" ይላል። እምቢ ማለት ትችላለህ፤ ግን ማን አንብቦ? ሁሉም ኔክስት ነው የሚለው። ከዚያ በኋላ ነው የፈለግከውን ፕሮግራም አምጥቶ የሚጭነው። ከዚህ የሚገኘውን ገቢ ሶርስፎርጅና የፕሮግራሙ ባለቤት ይካፈላሉ። መግባት በባለቤቱ ፈቃድ ነው። ፋይል ማስተላለፊያው ፋይልዚላ ለምሳሌ ፈቅዶ ገብቷል።

ፈቅዶ የገባ ሰው ላይ ብዙ ማለት አልፈልግም። ዓመታት በነፃ የሠራ ሰው ትንሽ ገንዘብ ሲያይ ቢያጓጓው አይገርምም።

ለቀው ወጡ

የጊምፕ ሰዎች ግን አልተዋጠላቸውም። በኖቬምበር 2013 የዊንዶውስ ኢንስቶለሩን ከሶርስፎርጅ እንዳነሱ አስታወቁ። ምክንያታቸው ሁለት ነበር፤ አሳሳቾቹ አረንጓዴ ቁልፎችና ዴቭሼር። ከአሁን ወዲያ ፋይሉን የምታገኙት ከራሳችን ገጽ ነው አሉ።

ሶርስፎርጅ መልስ ሰጠ። ማስታወቂያውን እንቆጣጠራለን አለ። ከዚያም በጽሑፍ አንድ ቃል ገባ፤ ያለ ገንቢው ፈቃድ በማንም ፕሮጀክት ላይ ምንም ነገር መቼም አንጠቀልልም። ይህቺን "መቼም" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

ነገሩ እዚህ ያለቀ መሰለ። ጊምፕ ወጣ፤ ሶርስፎርጅ ቃል ገባ፤ ሕይወት ቀጠለ። ግን በሩ አልተዘጋም ነበር። መልቀቅ ሌላ ነው፤ መዝጋት ሌላ ነው። ጊምፕ-ዊን የሚለው ስም እዚያው ሶርስፎርጅ ላይ ቀረ። አድራሻው ቀረ። በየመማሪያው ያለው ሊንክ አሁንም ወደዚያው ይመራል። ጉግልም ያውቀዋል።

ሜይ 2015

ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። በሜይ 2015 መጨረሻ ሰዎች አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ። የጊምፕ-ዊን ገጽ ሶርስፎርጅ ላይ ነፍስ ዘርቷል። አዲሱን ጊምፕ ያወርዳል። የገጹ ባለቤት ተብሎ የተጻፈው ግን ዬርኔይ አይደለም። "ኤስኤፍ ኤዲተር 1" የሚል የድርጅቱ የራሱ አካውንት ነው። ዬርኔይ ገጹን የማስተዳደር ሥልጣኑን ተነጥቋል። የሚወርደውም ኢንስቶለር ያ የተጠቀለለው ዓይነት ነው፤ በፊት የሦስተኛ ወገን ግብዣ፣ ቀጥሎ ጊምፕ።

ነገሩን ወደ ሰፈራችን ላምጣው። አንዲት በሽሮዋ የታወቀች ሴት አሉ እንበል። ከተከራዩት ቤት በአከራዩ ጠባይ ተማርረው ለቀቁ። ትንሽ ራቅ ብለው ሌላ ቦታ ከፈቱ። አከራዩ ግን ታፔላቸውን አላወረደም። ስማቸው አሁንም በሩ ላይ ነው። ሽሮውን ከአዲሱ ቤታቸው እያስመጣ ያቀርባል፤ ስለዚህ ሽሮው የእሳቸው ነው። ግን ደንበኛው ከመቅመሱ በፊት አጠገቡ አንድ ደላላ ይቀመጣል። ደንበኛው ሲወጣ ኪሱ የሆነ ነገር ጎድሎበት፣ "የእትዬ ቤት እንዲህ ሆነ" ብሎ ያወራል።

ሶርስፎርጅ ምን አለ? የሌላውን ወገንም እንስማው። ፕሮጀክቱ ተትቶ ነበር አሉ። ገጹ ላይ አሮጌ እትም ተቀምጦ ሰው እንዳያወርድ፣ አዲሱን እየተከታተልን ኮፒውን አስቀመጥን። ገጹ ይመለስልኝ ብሎ የጠየቀን አዘጋጅም የለም። ግብዣዎቹንም በቀላሉ እምቢ ማለት ይቻላል።

እውነቱን ለመናገር ከዚህ ውስጥ ግማሹ ትክክል ነው። የተተወ ገጽ አደጋ አለው። ዓመታት ያልታደሰ ፕሮግራም ክፍተቱ ሳይደፈን ሰው ኮምፒውተር ላይ ይገባል። አንድ ድርጅት የተተወ ፕሮጀክት ገጽ ላይ አዲሱን ፋይል ቢያስቀምጥ፣ ወይም ደግሞ "እነዚህ ሰዎች ወደዚህ ሄደዋል" ብሎ አቅጣጫ ቢያሳይ፣ እኔ በበኩሌ እሰይ እላለሁ። ግን ጊምፕ የተተወ ፕሮጀክት አልነበረም። ከሶርስፎርጅ ነው የወጣው። የት እንደሄደ ለዓለም ተናግሮ ነው የሄደው። ለምን እንደሄደም ተናግሮ! የሄደበት ምክንያት ያ መጠቅለያ ሆኖ ሳለ፣ እሱ የለም ብሎ ያንኑ መጠቅለያ ማልበስ ምን የሚሉት ነው? "መቼም" የተባለው ቃልም "ገንቢው ካለ" በሚል ጠበበ። ገንቢው የለም ካልን ፈቃድ የምንጠይቀው ማንን ነው?

ሕጉስ? እዚህ ጋ ነው ክፍት ምንጭ የራሱን ጣት የሚነክሰው። ጂፒኤል ማባዛትን ይፈቅዳል። ፋይሉን ማስቀመጥና ለሰው መስጠት ጥፋት አይደለም። መጠቅለያው የተለየ ፕሮግራም ነው፤ የጊምፕን ኮድ አልነካም። ስለዚህ የጊምፕ ሰዎች "ሰረቃችሁን" ብለው መጮህ አይችሉም ነበር። የተወሰደባቸው ፋይል አይደለም። የተወሰደባቸው ስማቸውና የሰው አመኔታ ነው። ለዚያ ደግሞ በፈቃዱ ውስጥ አንቀጽ የለም።

ጫጫታው

ጠበቃ የሌለው ማኅበረሰብ ያለው መሣሪያ አፍ ነው። እሱን በደንብ ተጠቀሙበት።

የጊምፕ ቡድን ነገሩን በይፋ አወጣው። ሶርስፎርጅ በ2013 የገባውን ቃል ከነ"መቼሙ" አስታወሰ። ጥያቄዎችም አቀረበ። ድርጅቱ የጊምፕን መለያ፣ ግንኙነት ያላቸው በሚያስመስል መንገድ እንዳይጠቀም ጠየቀ። ከሁሉም ጥያቄ እኔን የገዛኝ ግን ይሄኛው ነው፤ ማንኛውም ፕሮጀክት ከሶርስፎርጅ ሙሉ በሙሉ የሚወጣበት ግልጽ መንገድ ይኑር፤ ለወጡትም የድሮው አድራሻቸው ሰውን በቀጥታ ወደ አዲሱ ቤታቸው ይውሰድ። የታፔላው ነገር ማለት ነው። ቡድኑ የበሽታውን ቦታ በትክክል አግኝቶታል።

ጉዳዩ የጊምፕ ብቻ እንዳልሆነ ወዲያው ታየ። በጁን መጀመሪያ ኤንማፕ የሚባለው የኔትወርክ መፈተሻ ፈጣሪ ጎርደን ላየን የእሱም ፕሮጀክት ገጽ በድርጅቱ ቁጥጥር ስር እንደገባ ተናገረ። እስከዚያች ሰዓት በእሱ ፋይል ላይ የተጨመረ ነገር አላየም። ግን ለተጠቃሚዎቹ እዚያ ያለውን አትመኑ አለ። ቪዲዮ ማጫወቻው ቪኤልሲ ቀደም ብሎ በአሳሳች ማስታወቂያዎች ምክንያት ለቆ ነበር፤ የእሱም ሰዎች የደረሰባቸውን ተናገሩ። የጽሑፍ ማዘጋጃው ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ በዚያው ወር ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። አንድ ፕሮጀክት ሲወጣ ሌላው "እኔስ ምን እጠብቃለሁ?" ይላል። እንዲህ ዓይነት መፍለስ አንዴ ከጀመረ የሚያቆመው የለም።

ተራው ተጠቃሚም ዝም አላለም። ሰዎች አሮጌ ሊንካቸውን እየፈለጉ ማስተካከል ያዙ። በየመድረኩ ጀማሪ "ጊምፕን ከየት ላውርድ?" ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ተቀየረ፤ ከጊምፕ ከራሱ ገጽ እንጂ ከሌላ ከየትም። እኔ ይህንን ሥራ ከይፋዊው መግለጫ አላሳንሰውም። በሩን የያዘው ድርጅቱ ቢሆንም፣ ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ የተሠራው በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ሊንክ ነው። መንገዱን ማዞር የሚችሉትም እነሱ ናቸው።

ሶርስፎርጅ በጥቂት ቀናት ውስጥ አፈገፈገ። ካሁን በኋላ ገንቢ በማይከታተላቸው ፕሮጀክቶች ላይ የሦስተኛ ወገን ግብዣ አናቀርብም አለ። በጁላይ አጋማሽ ደግሞ ያላሰበው መጣበት፤ ሲስተሙ ተበላሽቶ አገልግሎቱ ለቀናት ተቋረጠ። ከጭቅጭቁ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ግን ያልለቀቁ ፕሮጀክቶች አንድ ተጨማሪ ምክንያት አገኙ።

ከዚያ በኋላ

በጃንዋሪ 2016 ዳይስ ሶርስፎርጅንና ስላሽዶትን ቢዝኤክስ ለሚባል ኩባንያ ሸጠ። አዲሶቹ ባለቤቶች መጀመሪያ ካደረጉት ነገር አንዱ ዴቭሼርን መዝጋት ነው፤ በፌብሩዋሪ 2016። ሙሉ በሙሉ ዘጉት። ፈቅዶ ለገባም፣ ላልፈቀደም።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን አለብን። የዛሬው ሶርስፎርጅ የ2015ቱ አይደለም። ባለቤቱም አሠራሩም ሌላ ነው። ግን ስም እንደ ነጭ ነጠላ ነው። ብዙ ሰው እስከዛሬ ሶርስፎርጅ ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰው ያ መጠቅለያ ነው። የሚገርመው ከዚያው እድፍ ጥቂቷ ጊምፕ ላይም ተረጭታለች። በዚያ ጊዜ ኮምፒውተሩ የተቸገረ ሰው ዴቭሼር የሚባል ቃል አያውቅም። የሚያውቀው "ጊምፕ ጫንኩና እንዲህ ሆነ" የሚለውን ነው። የማተሚያ ሱቁ ጋሼም ያሉኝ ይህንኑ ነው።

የጊምፕ ቡድን ከዚያ ወዲህ ማውረጃውን በራሱ እጅ ይዟል። ፋይሉ የሚወጣው ከራሱ አድራሻ ነው። ሸክሙን ኮፒ የሚያስቀምጡ ፈቃደኛ ተቋማት ይጋሩታል። በቶረንትም፣ ማለትም አውራጆች ፋይሉን እርስ በእርስ በሚቀባበሉበት መንገድ፣ ይሰጣል፤ ቶረንት ለሕገ ወጥ ፊልም ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ አይደለም። ከእያንዳንዱ ፋይል አጠገብ ሃሽ የሚባል ረጅም የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት ይለጠፋል። 64 ፊደልና ቁጥር ነው። ፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትቀየር ሰንሰለቱ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ፋይሉን ከየትም አምጣው፣ ከጓደኛ ፍላሽ፣ ከቴሌግራም ቻናል፣ ሰንሰለቱ ከገጹ ጋር ከገጠመ ያ ፋይል እነሱ የለቀቁት ነው።

እኛ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አብዛኛው ሰው ፕሮግራም የሚያገኘው ከእጅ ወደ እጅ ነው። ዳታው ውድ ነው፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ አንዱ ያወርዳል፣ ሃያው ኮፒ ያደርጋል። ለክፍት ምንጭ ይህ ወንጀል አይደለም፤ እንዲያውም የተፈቀደ ነው። የሚቀረን ማረጋገጡ ብቻ ነው። እሱን የሚያደርግ ሰው ግን እምብዛም አላየሁም። እኔም ራሴ የጀመርኩት ዘግይቼ ነው።

በጁን 2022 ጊምፕ ማይክሮሶፍት ስቶር ላይ በይፋ ወጣ። ቀደም ሲል ሌሎች ሰዎች ጊምፕን እያሸጉ እዚያ ያስቀምጡ፣ አንዳንዶቹም ያስከፍሉበት ነበር። ሕጉ ይፈቅዳል፤ ደግሞ ያው ጂፒኤል። እና ቡድኑ ያደረገው ብልህ ነገር ነው። ከመክሰስ ይልቅ በሩ ላይ ራሱ ቆመ። ከ2013ቱ መውጣት ይልቅ ይህኛው መግባት ይበልጥብኛል። ያኔ ቦታውን ሲለቁ ሌላ ያዘው።

ግን አንዱን በር ስትይዝ ሌላ ይከፈታል። በዚያው ዓመት በኦክቶበር መጨረሻ ጉግል ላይ ጊምፕ ብሎ የፈለገ ሰው ከላይ ማስታወቂያ ያይ ነበር። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው አድራሻ ትክክለኛው የጊምፕ አድራሻ ነው። ሲነኩት ግን የሚወስደው ወደ ሌላ ገጽ ነው፤ ስሙም ጊሊምፕ ዶት ኦርግ። በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ሁለት ፊደላት መሐል ገብተዋል። ገጹ ቁርጥ ጊምፕን ይመስላል። የሚወርደው ፋይል 700 ሜጋባይት ይላል፤ ከውስጡ አብዛኛው እንዲያብጥ የተሞላ ባዶ ነገር ነው። ትክክለኛው ይዘት ቪዳር የሚባል የይለፍ ቃል ሌባ ነበር። ይህ እንግዲህ አድዌር፣ ማለትም ማስታወቂያ የሚያስገባ ፕሮግራም፣ እንኳ አይደለም፤ ለይቶለት ሌብነት ነው። ያጋለጡትም ማስታወቂያውን ያዩ ተጠቃሚዎች ናቸው። የተጻፈው አድራሻና የደረሱበት አድራሻ አልገጥም ሲላቸው ለሌላው ተናገሩ።

ልብ ካላችሁ በ2015ም በ2022ም ከጊምፕ ኮድ ላይ አንዲት መስመር አልተነካችም። ሰዎች ስለ ክፍት ምንጭ ደኅንነት ሲከራከሩ "ኮዱ ክፍት ስለሆነ ሌባ ያየዋል" ይላሉ፤ ሌላው "ክፍት ስለሆነ ብዙ ዓይን ይጠብቀዋል" ይላል። በእነዚህ ሁለት ጉዳዮች ሌባው ኮዱን አላየውም። ዓይኖቹም የጠበቁት ኮዱን አልነበረም። ሁሉም የተያያዙት በአንዲት አረንጓዴ ቁልፍ ላይ ነበር።

በማርች 2025 ጊምፕ 3.0 ወጣ። ያለፈው ትልቅ እትም፣ 2.10፣ የወጣው በ2018 ነበር፤ ሰባት ዓመት ፈጀ ማለት ነው። የኩባንያ አለመኖር ዋጋው እንዲህ ነው። ማጣሪያዎችን (ፊልተር የሚባሉትን) ፎቶው ላይ ካደረግክ በኋላ ተመልሰህ መቀየር መቻሉ ብቻ መጠበቁን ያካክሳል ባይ ነኝ።

እሱን በፍላሽ ይዤ ወደ ማተሚያ ሱቁ ተመለስኩ። ጋሼ ፍላሹን እንደ ጊንጥ አዩት። "መጀመሪያ እናረጋግጥ" አልኳቸው። ኮምፒውተራቸው ላይ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቼ የፋይሉን ሃሽ አወጣሁ። በስልኬ የጊምፕን ገጽ ከፈትኩ። እሳቸው መነጽራቸውን አደረጉ። እኔ ከስልኩ እያነበብኩ፣ እሳቸው ስክሪኑ ላይ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ፊደል በፊደል ሄድን። መጨረሻው ድረስ ገጠመ።

"አሃ" አሉ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ፎቶሾፑ ምልክት አዞሩ።

"እስቲ የዚህንም አይልኝ።"

የማስተያይበት ቁጥር አልነበረኝም።